ከሶላሩ ሥር የነበረው ቆርቆሮ

«ቀስ በይ! ብሎኑን እንዳትጥይው!»

አጎቷ ላክሰን ከታች ሆኖ ይጮኻል። መሰላሉን የያዘው በአንድ እጁ ነው፤ በሌላው ሸንኮራ ይዟል። ቲዎንጌ ከጣሪያው ላይ ቁልቁል አየችው። የዛሬ ሁለት ዓመት አባቷ ከጆሃንስበርግ የላከውን ይህንን ሶላር በገዛ እጇ ስትገጥምም አጎቷ ከታች ቆሞ «ቀስ በይ» ሲል ነበር። የዚህ ሰውዬ እርዳታ ሁልጊዜ «ቀስ በይ» ነው።

አራተኛውን ብሎን ፈታች። ሶላሩን ስታነሳው ከሥሩ የነበረው ቆርቆሮ ብቅ አለ። የቀረው ጣሪያ በዝገትና በአቧራ ቀልቷል፤ ሶላሩ የሸፈነው ቦታ ግን ገና ከሱቅ የመጣ ይመስላል፤ አራት ማዕዘን ሆኖ ነጥቶ ይታያል።

«ጋሼ፣ ምልክቱ እኮ ይታያል» አለች።

«ማን ነው ጣሪያ የሚያይ? ሰውዬው ጥያቄ ሊጠይቅ ነው የሚመጣው። አውርጂው!»

አወረደችው። እናቷ ኤስናት ተቀብላት ጎተራ ውስጥ በቆሎ አለበሰችው።

ላክሰን የመንደራቸው የቺፎዞ ሹም ነው። ትናንት ቺፎዞን በሙሉ ማንጎው ሥር ሰብስቦ ትእዛዝ ሰጥቷል፤ ሶላር ያለው ያውርድ፣ ባትሪ ያለው ይቅበር፣ ቴሌቪዥን ያለው ይደብቅ፣ የተጠየቀ ሁሉ «የለንም» ይበል። «መብራት ላለው ሰው መብራት የሚያመጣ ሞኝ የት አይታችኋል?» ብሎ ደረቱን ነፋ። ሰዉም አጨበጨበለት።

ያጨበጨበው ያለምክንያት አልነበረም። ከአራት ዓመት በፊት ጎርፍ ማሳውን ጠርጎ በወሰደ ጊዜ የእርዳታ መዝጋቢዎች ቤት ለቤት ዞረው ነበር። ብስክሌቱን በረንዳው ላይ ያቆመ ሰው ከበቆሎው ዝርዝር ተሰረዘ። ብስክሌቱን ሸምበቆ ውስጥ የደበቀ ሁለት ጆንያ ተሸክሞ ቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲህ ቺፎዞ ወረቀትና እስክሪብቶ የያዘ እንግዳ ሲያይ ልብሱን ለማውለቅ ይቸኩላል።

«ይሄን ሁሉ ትልልቅ ሰው ድብብቆሽ ሲጫወት አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለቻት ቲዎንጌ ጎረቤቷንና የክፍል ጓደኛዋን ቴምዋን።

«ተይኝ ባክሽ። የኛ ቲቪ ጀልባ ውስጥ መረብ ለብሶ ተኝቷል።»

«ማዕበል ቢወስደውስ?»

«ያኔ ለዓሳዎቹ ዜና ያነብላቸዋላ!»

ሳቁ። ቲዎንጌ ግን የሳቀችው ከአንገት በላይ ነው። ቤት ውስጥ ያለው ፍሪዘር ከተቋረጠ ሁለት ሰዓት ሆኖታል። እናቷ የባኦባብ ጭማቂ በላስቲክ እያቀዘቀዘች ለተማሪ የምትሸጠውም፣ የጎረቤት ዓሳ የምታሳድረውም በሱ ነው። አሁን በአበባማ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ሳህንና የአባቷ ፎቶ ተደርድሮበት፣ ቁም ሳጥን ነኝ ይላል።

ይህ ሁሉ መከራ ለአንድ ሰው ነው። ዶክተር ካሊንዴ ከደቡብ፣ ከዩኒቨርሲቲ የሚመጣ ተመራማሪ ነው፤ የሚመራመረው ገጠር ያለ ሰው መብራት ያገኛል ወይስ አያገኝም በሚል ነገር ላይ ነው። ቲዎንጌ ይህ ደመወዝ የሚያስከፍል ሥራ መሆኑን ለማመን ተቸግራለች። ማታ መጥቶ ዓይኑን ቢገልጥ አይበቃውም? እሱ ግን ሦስት ዓመት በተከታታይ እየመጣ ያንኑ መቶ አሥራ አራት ጥያቄ ይጠይቃል። ዘንድሮ የመጨረሻው ነው ተብሏል። ከዚህ በኋላ አንድ ኩባንያ በሐይቁ ዳር ካሉት መንደሮች አንዱን መርጦ ትልቅ የሶላር ጣቢያ ይሠራል፣ ምሰሶ ይተክላል፣ ሽቦ በየቤቱ ያስገባል። ትምህርት ቤቱ፣ ክሊኒኩ፣ ወፍጮው ሁሉ መብራት ያገኛል። ያልተመረጠው መንደር ምን ያህል ዓመት እንደሚጠብቅ የሚያውቅ የለም።

ዶክተሩ ከሰዓት በኋላ በሞተር ብስክሌት ደረሰ። ሰፊ ባርኔጣ፣ ኪሱ የበዛ ሰደርያ፣ አንገቱ ላይ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር። መነጽሩ የወፍ ነው። ሰውየው ሁለት ሱስ አለበት፣ አንዱ ወፍ ማየት፣ ሌላው ባዎ። እንግዲህ ባዎ ያው ገበጣ ነው፤ የነሱ ግን አራት ረድፍና ስልሳ አራት ፍሬ አለው፣ ላልለመደው ራስ ያዞራል። ዶክተሩ የለመደ ይመስለዋል። ገና ከሞተሩ ሳይወርድ «አባባ ዮራም አሉ?» ብሎ ጠየቀ።

አባባ ዮራም አሉ። ከሐይቁ ማዶ ከሞዛምቢክ የመጡትን ሁሉ አሸንፈው የሸኙ ሽማግሌ ናቸው። ሴት ልጅ ባዎ ላይ አትቀመጥም እየተባለ ቲዎንጌን ከስድስት ዓመቷ ጀምረው ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው። ግን ዶክተሩ በመጣ ቁጥር እንደሚያደርገው ዛሬም ላክሰን ጠጋ ብሎ በጆሯቸው አንሾካሽኳል።

ቲዎንጌ ከሰዉ ኋላ ቆማ አየች። ሽማግሌው በአንድ እንቅስቃሴ አሥራ አንድ ፍሬ የሚበሉበት ጉድጓድ ፊታቸው ተከፍቶ ነበር። እጃቸው ወደዚያ ሄደ፣ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ሌላ የማይረባ ጉድጓድ ውስጥ ገባ።

«አሃ!» አለ ዶክተሩ። ፍሬውን ጠረገና ወሰደ። «ዘንድሮማ ዓመቱን ሙሉ ተለማምጄ ነው የመጣሁት!»

«ኧረ እርስዎማ በረቱብን!» አለ ላክሰን፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ። ሰዉ ሳቀ፣ አጨበጨበ። አባባ ዮራም ሰሌዳውን እንጂ ማንንም አላዩም።

ቲዎንጌ ሁሉንም ናቀቻቸው። አጎቷን ናቀች፣ አጨብጫቢውን ናቀች፣ ሽማግሌውን ናቀች። ከሁሉም በላይ ግን ሰው እየሸወደው ጥርሱን የሚያሳየውን ያንን ባለ ባርኔጣ ፋራ ናቀችው። መናቅ ደስ ይላል፤ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያስቀምጣል።

አመሻሹ ላይ ዶክተሩ እነሱ ቤት ገባ። እናቷ ደህናውን ወንበር ሰጠችው። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

«ጥያቄ ሠላሳ አንድ። ማታ ማታ ቤቱን የምታበሩት በምንድን ነው?»

«በእጅ ባትሪ ነው፣ ዶክተር። እሱም ድንጋዩ ደክሞ።»

«ሶላር?»

«ኧረ ከየት መጥቶ!»

«ፍሪጅ ወይም ፍሪዘር?»

«ምን እንደሚመስልም አላውቀው።»

በዚህ መሃል ከአበባማው ጨርቅ ሥር ውሃ መጣ። በሲሚንቶው ወለል ላይ እየተሳበ ሄዶ የዶክተሩን ጫማ ነካ። ዶክተሩ ጫማውን አየ፣ ውሃው የመጣበትን አየ፣ ጨርቁን አየ። ከዚያ እግሩን አንስቶ ደረቅ ቦታ አስቀመጠ።

«ጣሪያው ያፈሳል» አለች እናቷ።

ዝናብ ከጣለ አራት ወር አልፎታል። ዶክተሩ «የለም» ብሎ ጻፈ። ቲዎንጌ ዓይኗን ማመን አቃታት። ይሄ ሰው ወይ ዕውር ነው፣ ወይ ደንታ ቢስ ነው።

«ይህኛው ጥያቄ ቤት ውስጥ ላለ ተማሪ ነው» ብሎ ወደሷ ዞረ። «ማታ የምታጠኚው በምንድን ነው?»

እናቷ ጉሮሮዋን ጠረገች። ቲዎንጌ ወለሉን ተመለከተች።

«በእናቴ ባትሪ» አለች። እሱም ጻፈው።

በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር። ፍሪዘሩ ሲከፈት ሽታው ሰው ያባርራል። እናቷ ዓሳውን ሳፋ ሙሉ ዛቀችና ለቲዎንጌ አሸከመቻት። የሦስት ጎረቤት ዓሳ ነበር። ቲዎንጌ አፍንጫዋን ይዛ ሐይቁ ዳር ወርዳ ስትደፋው የዓሳ ንስሮች ከየዛፉ እየተነሱ መጡ።

«አራት! አንዴ አራት አይቼ አላውቅም!»

ዶክተር ካሊንዴ ነበር። ድንጋይ ላይ ቆሞ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ለጥፏል፤ ደስታው የሕፃን ነው። ንስሮቹ ጠግበው እስኪሄዱ ጠበቀና ወደሷ መጣ።

«ብዙ ዓሳ ነው የደፋሽው። ምን ሆኖ ነው?»

«ተበላሽቶ።»

«እንዴት ተበላሸ?»

«ፍሪጅ የለንማ» አለች፣ ዓይን ዓይኑን እያየች።

 አጠገባቸው ከአሮጌ ጀልባ እንጨት የተጠረበ የዓሳ አጥማጆች ባዎ ነበር። ዶክተሩ ፍሬዎቹን በእጁ አንኳኳ። «ትችያለሽ? ፍርሃት እንዳይዝሽ፣ ቀስ እያልኩ ነው የምጫወተው። ትናንት አባባ ዮራምን ሳሸንፍ አይተሻል መሰለኝ።»

ቲዎንጌ ሳፋውን አስቀመጠችና ተቀመጠች።

ቀስ አላለችለትም። በመጀመሪያው ዙር ዘጠኝ ፍሬ በላችበት፣ በሁለተኛው የፊት ረድፉን ባዶ አደረገችው። እሱ «ቆይ፣ ቆይ» እያለ በጣቱ እየቆጠረ ሳለ ጨዋታው አለቀ። እንደገና እንጫወት አለ። ያኛው ከመጀመሪያውም አጠረ።

«አንቺ... ከአባባ ዮራም ትበልጫለሽ!»

«እሳቸውን አንድ ቀን አሸንፌ አላውቅም» አለች ቲዎንጌ። «እርስዎም አላሸነፉም። ሹሙ ተሸነፉለት ብሏቸው ነው።»

የዶክተሩ ፊት ቀስ እያለ ተለወጠ። ባርኔጣውን አወለቀ። ጸጉሩ መሳሳት ጀምሯል።

«ሦስቱንም ዓመት?»

«ሦስቱንም ዓመት።»

ቲዎንጌ ደስ ይለኛል ብላ ጠብቃ ነበር። ትንሽ ደስ አላትም። ግን ሰውየው ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ወደ ጉድጓዳቸው ሲመልስ ስታይ ደስታው ብዙ አልቆየም።

«ባዎውን አላወቅኩም ነበር» አለ በመጨረሻ። መነጽሩን ከአንገቱ አውጥቶ ሰጣት። «ያንን ግን አውቄያለሁ። ወደ መንደራችሁ እዪ።»

ቺፎዞ ከሐይቁ ወደ ላይ በተዳፋት ላይ የተሠራች ናት፤ ከታች ሆኖ ለሚያያት ጣሪያዋ በሙሉ ይታያል። ቲዎንጌ መነጽሩን አስተካከለች። በቀያዮቹ ቆርቆሮዎች ላይ ነጫጭ አራት ማዕዘኖች ተዘርግተዋል። አንዱ የእነቴምዋ ነው። ትልቁ የአጎቷ የላክሰን ነው። ቆጠረች።

«ሃያ ሦስት።»

«ሃያ አራት። የራሳችሁን ዘለልሽው።»

ፊቷ ጋለ። መነጽሩን መለሰችለት። «አውቀው ነው 'የለም' ብለው የሚጽፉት?»

«የምጽፈው ባለቤቱ የነገረኝን ነው። ጣሪያ አይቼ በሰው አፍ መናገር ከጀመርኩማ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ሁሉንም መሙላት እችላለሁ።»

«የውሸት ወረቀት ተሸክሞ መዞር ታዲያ ሥራ ነው?»

«ትናንት አንቺ ምን ነበር ያልሽኝ?» አለ፣ ድምፁን ሳያነሳ። «በእናትሽ ባትሪ ነው ያልሽው?»

 ቲዎንጌ ከፍ ካለው ቦታዋ ላይ ሁሉንም ቁልቁል ስታይ ሰንብታ ራሷን ከታች፣ ከአጨብጫቢዎቹ መሃል አገኘችው። እሷም ያው ናት። እንዲያውም ከነሱ ትብሳለች፤ እነሱ ያሉት ይጠቅመናል ብለው ነው፣ እሷ ግን እንደማይረባ እያወቀች ነው ያለችው።

ዶክተሩ ንግግሩ የከበደባት መስሎት ነገር ሊቀይር ሞከረ። «ባለፈው ሳምንት እዚሁ ሐይቅ ዳር ካለው ከካንዴዌ መንደር ነበርኩ። እዚያ ደግሞ ጉድ ነው! የሞተ ሬዲዮ ሳይቀር አስቆጠሩኝ። አንዷ ሴትዮ የልጇን መጫወቻ መኪና አምጥታ 'ይሄም ድንጋይ ይበላል፣ ጻፈው' አለችኝ።» ሳቀ፤ ወዲያው ሳቁን ዋጠውና ወደ ሐይቁ ዞረ።

ቲዎንጌ የዋጠውን ሳቅ አየች። መቶ አሥራ አራቱን ጥያቄ በሐሳቧ ገለጠች። ምን አላችሁ? በቀን ስንት ሰዓት ትጠቀሙበታላችሁ? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ቢጨመርላችሁ ምን ትሠሩበታላችሁ? ምን ጎደላችሁ የሚለው ከሁሉ መሃል ሁለት ቦታ ብቻ ነው።

«ምሰሶ የሚተክሉት ሰዎች» አለች ቀስ ብላ፣ «የሚመርጡት ምንም የሌለውን መንደር ነው? ወይስ መብራት መጠቀም የለመደውን?»

«እሱን ልነግርሽ አልችልም። ለአንድ ሰው ከነገርኩ በማግሥቱ አገር በሙሉ የሌለውን አለኝ ይለኛል።»

መልሱ ይኸው ነው፤ የሚፈለገው «አለኝ» የሚል ሰው ነው። ሰውየው እውነትም ቀሽም ነው፤ ውሸት እንኳ በቅጡ አይችልም።

«ባለቤቱ ራሱ አስተካክልልኝ ካለ ግን አስተካክላለሁ» አለ ባርኔጣውን እየደፋ። «እስከ ስድስት ሰዓት ማንጎው ሥር ነኝ። ከዚያ ወረቀቱ ይዘጋል።»

ቤት ስትደርስ አጎቷ በረንዳው ላይ ንሲማውን፣ የበቆሎ ገንፎውን፣ በወጥ እያጠቀሰ ነበር፤ ፊቱ በርቷል። «ሰውየውን ድባቅ መታነው!» አላት። ቲዎንጌ የሰማችውን ሁሉ ሳትደብቅ ነገረችው፣ እሱም ሆነ እናቷ እስኪገባቸው።

«ብስክሌቱን ረሳሽው?» አለ ላክሰን።

«ያኔ የሚሰጡት ለራበው ሰው ነበር፣ ጋሼ። አሁን የሚፈልጉት ደንበኛ ነው። ምንም የማይገዛ ሰፈር ሄዶ ሱቅ የሚከፍት አለ?»

«አንድ ጠዋት ከሱ ጋር አውርተሽ ኩባንያ ሆነሽ መጣሽ?»

«ካንዴዌ ሬዲዮ አስቆጥሯል። እኛ ሃያ አራት ሶላር ደብቀናል። ምሰሶው ካንዴዌ ሲተከል ከዚህ ሆነን እናየዋለን።»

ላክሰን ማኘኩን አቆመ። ለአፍታ የገባው መሰላት። ምናልባትም ገብቶታል። «እና አሁን ሄጄ ምን ልበለው?» አለ በዝቅተኛ ድምፅ። «ሹሙ ውሸታም ነው ልበለው? በሰው ፊት?» ከዚያ ተነሳና እጁን ታጠበ፤ ድምፁም ተመልሶ ወፈረ። «አንድ ሰው አንድ ነገር ጣሪያ ላይ ቢያወጣ ከኔ ጋር ነው የሚተዋወቀው። ኤስናት፣ ልጅሽን ያዢ!» ብሎ ወደ ማንጎው ሄደ። እዚያ ከዶክተሩ ጎን ተቀምጦ የሚመጣውን ሁሉ ሊጠብቅ እንደሆነ ግልጽ ነው።

ለአንድ ሹም ፊት ሲባል አንድ መንደር በጨለማ ይቀመጣል። ቲዎንጌ ይህንን ጮክ ብላ ልትለው ነበር። ግን ማለት ቀላል ነው። ስትል ነው የኖረችው።

እናቷ ፍሪዘሩን በሳሙና እየፈተገች ነው። ሽታው አልለቅ ብሏታል። «የሰው ዓሳ ነው» አለች ለራሷ። «ምን ብዬ ነው የምነግራቸው?» ቀና አላለችም። ሂጂም አትሂጂም አላለቻትም።

ቲዎንጌ ወደ ጎተራው ገባችና በቆሎውን ገለጠች። ሶላሩን በጀርባዋ አዘለችው፣ ብሎኖቹን ኪሷ ከተተች፣ መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። የሚይዝላት ሰው አልነበረም። መሬቱ አሸዋ ስለሆነ አምስተኛው ደረጃ ላይ ስትደርስ መሰላሉ ተንሸራተተ። እጇ ቆርቆሮውን ቧጠጠ። ልመለስ አለች በልቧ።

መሰላሉ ረጋ።

ወደ ታች አየች። እናቷ በሁለት እጇ ይዛዋለች፤ ክንዷ እስከ ክርኑ አረፋ ነው።

ጣሪያው ላይ ሆና ሁሉም ይታያታል፣ እሷም ለሁሉም ትታያለች። ቴምዋ ከግቢያቸው ወጥታ «አብደሻል እንዴ?!» አለቻት። ማንጎው ሥር የተሰበሰበው ሰው አንድ በአንድ ዞረ። አባባ ዮራምና ዶክተሩ ባዎው ላይ ተቀምጠዋል፤ ዛሬ የሽማግሌው እጅ ፈጥኖ ይሄዳል፣ የዶክተሩ ረድፍ ባዶ ነው። ላክሰን ብድግ ብሎ እጁን እያወናጨፈ «ውረጂ! አሁን ውረጂ!» እያለ ይጮኻል። ቀስ በይ አላለም።

ቲዎንጌ ሶላሩን ነጩ ቆርቆሮ ላይ አስቀመጠችው። ልክክ አለ። አንደኛውን ብሎን አሰረች፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። አራተኛው እጇን አልቧት ስለነበር ከጣቷ አመለጠና በቆርቆሮው ላይ እየተንከባለለ ወደ ጓሮ ወደቀ። በሦስቱም ይቆማል። ሽቦውን አገናኘች። ከታች፣ ከቤት ውስጥ፣ ፍሪዘሩ ጉሮሮውን ጠራርጎ ማጉረምረም ጀመረ።

ዶክተሩ መነጽሩን አላነሳም። ወረቀቱን ይዞ ቆሟል፤ ካልጠሩት አይመጣም። ስድስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። ላክሰን ሽቅብ ወደነሱ እየመጣ ነው።

ቲዎንጌ ለመውረድ እግሯን ወደ መሰላሉ ስታወርድ የሚይዘው ሰው የለም። እናቷ ቤት ገብታለች። ፈርታ ሸሸች ብላ አሰበች። ዳሩ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀች።

እናቷ ተመልሳ ወጣች። ደህናውን ወንበር ተሸክማለች። ከቤቱ ፊት ለፊት፣ መንገድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ በሚያይበት ቦታ አስቀመጠችው፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችውና ወደ ማንጎው ዞራ ተጣራች።

«ዶክተር! ሠላሳ አንደኛውን ይድገሙልኝ!»